በየብስ በኩል የመጣ ብርድ

በዚያ የባሕር ዳር ሰፈር ካፖርት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ከፍቶ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ሲሳብ፣ እሱ ክርኑ የነጣ፣ ከጉልበቱ በታች የሚወርድ ጥቁር የሱፍ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጀልባው ይወርዳል። ስሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ልጅ አዋቂው «ጋሽ ካፖርት» ይለዋል። ዓሣ ሊገዙ የሚመጡ ሴቶች፣

«ጋሽ ካፖርት፣ ዛሬስ ከሥሩ ምን ለበሱ? ብርድ ልብስ?» ሲሉት፣

«ብርድ ልብሱን ለእናንተ ትቼ ነው የወጣሁት» ይላቸዋል እንጂ አይቆጣም።

አእምሮው ትንሽ ተነክቷል የሚሉም አልጠፉ። አልተነካም። ሒሳቡን አይስትም፣ ጸሎቱን አያስታጉልም፣ የሰው ስም አያነሣም። ካፖርቱ እንዴት ትከሻው ላይ እንደ ወጣ የሚያውቅ ሰው ግን ሊስቅበት አፉን ከፍቶ መልሶ ይዘጋዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና ታላቅ ወንድሙ አባታቸው በተወላቸው ቤት፣ በአንድ ግድግዳና በሁለት በር ነበር የሚኖሩት። በቀኙ በር ታላቅየው ከሚስቱ ጋር፣ በግራው እሱ ብቻውን። ሳያገባ የቀረው ሴት ጠልቶ አይደለም፤ ዛሬ ነገ ሲል ዕድሜው ቀደመው። ደግሞም የጎደለበት ነገር አልነበረም። ምሳውም ራቱም ከወንድሙ ገበታ ነበር፤ የወንድሙ ሚስት፣ እትዬ የሚላት፣ የሸሚዙን ቁልፍ ስትተክልለት «መቼ ነው ከላዬ ላይ የምትወርደው?» እያለች ትስቅ ነበር።

ሥራቸው ዓሣ ማርባት ነው። ከእንጨት ተሠርቶ ከሥሩ ባዶ የፕላስቲክ በርሜል የታሰረለት ሰፊ ባለ አራት ማዕዘን ክፈፍ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከእሱ ሥር መረብ እንደ ከረጢት ወደ ታች ይንጠለጠላል። የሰፈሩ ሰው «በረት» ይለዋል። ጫጩት ዓሣ ይገባበታል፤ እየበላ ያድጋል፤ ሲደርስ ወጥቶ ይሸጣል። በረቶቹ የሚቆሙት ቦዩ ላይ ነው፤ ቦይ የሚሉት ባሕሩ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ጥልቅ መተላለፊያ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ከአሸዋው ምላስ ጀርባ፣ ሰው ቆሞ ደረቱ ድረስ ብቻ የሚደርስ ጸጥ ያለ ውኃ አለ። እሱን ደግሞ «ጓዳ» ይሉታል።

ነፋስ ይመጣል በተባለ ቁጥር ሁሉም በጀልባው እየጎተተ በረቱን ጓዳ ያስገባል። ከአባት የወረደ አሠራር ነው። በዚያ ሰፈር ክፉ ነገር ሁሉ ሲመጣ የኖረው በባሕር በኩል ነው። ቤቶቹ እንኳ በባሕሩ ወገን ያለው ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮት የሌለው ነው፤ መስኮቱም በሩም ወደ የብስ፣ ወደ ተራራው ነው የሚከፈተው። ከዚያ ወገን የሚመጣው የታወቀ ነው፤ የዱቄት ጆንያ፣ የዘመድ እንግዳ፣ የጭነት መኪና። ማን ይፈራዋል?

በዚያ ዓመት ግን የቀኙ በር ሰላም አልነበረውም። የታላቅየው አንድያ ልጅ ከተራራው ወዲያ፣ ላይ አገር ሜዳው ላይ አግብታ ትኖር ነበር፤ ወለደች። እናትየው ካልሄድን አለች። ለጥየቃ አይደለም፤ ጠቅልለን እንሂድ ነው። «ዓሣ ስጠብቅ የልጅ ልጄን ሳላቅፍ ልሞት ነው?» እያለች ጠዋት ማታ ባሏን ነዘነዘችው። ታላቅየው መሐል ቤት ቆመ። አንድ ቀን ጀልባው ላይ ሆነው መኖ ሲበትኑ ለታናሹ ቁርጡን ነገረው።

«የዘንድሮው ዓሣ በደህና ከወጣልን እንቆያለን፤ ይህን ብያታለሁ፣ እሷም እሺ ብላለች። ካልወጣልን ግን ምን ይዤ እከራከራታለሁ?»

ታናሹ መኖውን መበተኑን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ዓሣው ለእሱ ዓሣ መሆኑ ቀረ፤ እያንዳንዱ ወንድሙን ከቤቱ ጋር ያሰረ ገመድ መሰለው። ያለ ተራው መኖ ይሰጣል፣ መረቡን በጣቱ እየዳበሰ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ሲጸልይም ዓሣውን በጸሎቱ ውስጥ ያስገባል። ዓሣውም፣ ተመስገን፣ ወፈረ።

ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ ባለበት አንድ ጠዋት፣ ዓሣቸውን ላይ አገር የሚያመላልሰው ሾፌር ከተለመደው ቀኑ ቀድሞ ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ ያንን ጥቁር ካፖርት እንደ ለበሰ ነበር።

«ምነው፣ ወባ ያዘህ እንዴ?» አለው ታላቅየው።

«አልያዘኝም። እየሸሸሁ ነው የመጣሁት።»

«ከማን?»

«ከብርድ።» ሾፌሩ ካፖርቱን አውልቆ የመኪናው በር ላይ ሰቀለው፤ ጀርባው በላብ ርሷል። «ላይ አገር ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይነፍስ፣ ብርዱ ሜዳው ላይ ተኝቶ ሲጠራቀም ከረመ። ከዚያ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ። ብርድ ከባድ ነገር ነው፣ ተራራ መውጣት አይሆንለትም። ግርጌ ግርጌውን ይዞ ይወርዳል። የእኔም መንገድ ያው ግርጌው ነው። ማታ የምገባበት ከተማ ሁሉ ሰው በሸሚዝ ነው፤ ጠዋት ስነሣ የቧንቧው ውኃ ረግቶ ድንጋይ ሆኖ አገኘዋለሁ። እንዲህ ስንሯሯጥ ነው የመጣነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» አለ ታናሹ። «ሊዋኝ?»

ታላቅየው ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ፤ ግን በአገጩ ወደ ተራራው አመለከተ። የተራራው ሰንሰለት ከሰፈሩ ትይዩ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ በር መስሎ ይታያል፤ መኪናውም የሚመጣው በዚያ ነው።

«ያችን ቀዳዳ እስኪያገኝ ነው» አለ። «ሌላው ሁሉ ግድግዳ ሆኖ ይዞታል። እዚያ ሲደርስ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ነው የሚለቀቅባችሁ።»

«አሁን ግን እንዲህ እየጋገረን?»

«እኔ ያለፍኩበት ሁሉ እንዲሁ ነበር። ከፊቱ ያለውን ሙቀት እየገፋ ነው የሚመጣው።» መኖውን ማውረድ ጀመሩ። ሾፌሩ ጆንያ ተሸክሞ እንኳ ወሬው አያልቅበትም። «ኩሬዎቹ ሁሉ ረግተዋል፣ ልጆች ይረማመዱባቸዋል። ትልቁ ሐይቅ ብቻ ነው እምቢ ያለው። ይጨሳል፣ ግን አልረጋም።»

ታላቅየው ጆንያውን እንደ ያዘ ቆመ። «ትልቁ ለምን?»

«ጥልቅ ነዋ። ጥልቅ ነገር ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድ።»

እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮ ተናገረ። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ብርቱ ነፋስ ይደርሳል፣ ጀልባ ያላችሁ ተጠንቀቁ አለ። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሆነም ሳይናገር አልቀረም፤ ግን «ነፋስ» የምትለዋን ከሰሙ በኋላ ማን ይሰማዋል? በዚያ ሰፈር ነፋስ ማለት ባሕር ማለት ነው። ወዲያው የጀልባ ሞተር ከዳር እስከ ዳር ተንጫጫ። ሁሉም በረቱን እየጎተተ ወደ ጓዳ አመራ። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «እንቅልፉ» የሚሉት ጎረቤታቸው። እሱም አውቆ አይደለም፣ ስሙ እንደሚናገረው ነው።

ታናሹ ጀልባውን አስነሥቶ ገመዱን ሲያቀብል፣ ታላቅየው አልተቀበለውም።

«ዘንድሮ ቦዩ ላይ ብንተወው ምን ይመስልሃል?» አለ።

«ምኑን?»

«በረቱን። ሾፌሩ ያለውን ሰምተሃል። ጓዳው እኮ ለዚህ ነገር ኩሬ ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ ስለ ሐይቅ የሚያወራ የመኪና ሾፌር ሰምተህ ነው? ማዕበል ቢመጣ ቦዩ ላይ አንድ በርሜል አይተርፈንም። አባባ ቢሰማህ ምን ይልህ ነበር?»

«አባባ ብርድ አያውቅም ነበር።»

«አንተስ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅህ።»

ታናሹ ወደ ጓዳው አየ፤ የሁሉም በረት ገብቶ ተሰልፏል። ወደ ሰማዩ አየ። ወንድሜን ላጣ ነው የሚለው ፍርሃቱ በቁጣ መልክ ወጣ።

«ወይስ እንዲጠፋ ነው የምትፈልገው?» አለ። «ከእትዬ ጋር ለመሄድ ሰበብ እንዲሆንልህ።»

ታላቅየው አላንባረቀም። የእንግዳ ፊት እንደሚያይ ሰው አተኩሮ አየውና፣

«ገመዱን ስጠኝ» አለ።

በረቱን ጎትተው ጓዳ አስገቡት።

ነፋሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ አንጋጦ ደመና ሲጠብቅ ከጀርባው መታው። መስኮቶቹ ሁሉ ወደ የብስ ናቸውና በአንድ ጊዜ ተበርግደው ተጋጩ፤ አቧራና ደረቅ ቅጠል በቤቱ ጣሪያ ላይ አልፎ ወደ ባሕር ሄደ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። ውኃው ደግሞ ከዳር ሲታይ ዝም ብሏል፣ ማዕበል የለው ምን የለው፤ ነጭ ነጩ የሚታየው ሩቅ ነው። ታናሹ ያንን አይቶ ደረቱ ተነፋ። «አየህ?» ሊል ወደ ቀኙ በር ብቅ አለ። ታላቅየው መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ በምስማር ሲመታ አገኘውና ወደ ግራው በር ተመለሰ።

ጎሕ ሲቀድ ባሕሩ ይጨስ ነበር። ሙቅ ውኃ ላይ ብርድ ሲያርፍበት እንደ ድስት ነው፤ እንፋሎቱ ከቦዩ እየተነሣ ይሮጣል። ከጓዳው ግን ጭስ አልነበረም። ጓዳው ሙቀቱን ጨርሷል።

ወንድማማቾቹ ሲደርሱ ዓሣው እንደ ሰካራም ጎኑን እያዞረ፣ አፉን እየከፈተ፣ ሆዱን ወደ ላይ እያደረገ ይንሳፈፋል። ገና አልሞተም። ታላቅየው «ወደ ቦዩ እናውጣው» ብሎ ዘሎ ገባ፤ ታናሹም ተከተለው። ሌላው መከራ የታያቸው ያኔ ነው። ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ከየብስ እየገፋ የጓዳውን ውኃ ወደ ባሕር አውጥቶታል። ደረት ይደርስ የነበረው ከወገብ በታች ሆኗል፤ መረቡ ጭቃ ላይ ተቀምጧል፤ በርሜሎቹ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረዋል። ጀልባው ቢጎትት፣ ሁለቱ በትከሻቸው ቢገፉ፣ እዚያው ሰፈር ያደረው ሾፌር ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ ቢያግዝ፣ ንቅንቅ አላለም። የታላቅየው ከንፈር ጠቆረ፣ ጣቱ ገመድ መጨበጥ አቃተው። ሾፌሩ ነው እየጎተተ አውጥቶ ካፖርቱን ያለበሰው።

ዳር ላይ ያለው ሰው ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። የበረታቸው ዓሣ የሞተባቸው እያለቀሱ፣ በረት የሌላቸው ደግሞ ባልዲና ቅርጫት ይዘው እየተጠራሩ ነበር። የዱሩ ዓሣም ደንዝዞ ወደ ዳር ወጥቷልና በእጅ ይለቀማል። አንዲት ሴት ያደፈ ቀሚሷን አጥፋ፣ እቅፏን ሞልታ፣ በታናሹ አጠገብ ስታልፍ፣

«እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ አይደል ወንድሜ?» አለችው።

ያ ሰው እግዚአብሔርን ያልጠራበት ቀን አልነበረም። ያን ጠዋት ግን «አሜን» ሳይላት ወደ በረቱ ዞረ።

ረፋድ ላይ እንቅልፉ ዐይኑን እያሸ ወጣ። «ምን ሆናችሁ ነው የምትንጫጩት?» አለ። በረቱ ቦዩ ላይ፣ በጭሱ መሐል እንደ ቆመ ነው፤ ዓሣው ከነነፍሱ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከሰዓት በኋላ ላይ እንቅልፉ ነገሩን ከአያቱ ሰምቶ እንደነበር ማስረዳት ጀምሯል። በማግስቱ ወንበር ይለቀቅለት ጀመር።

ብርዱ አልቆየም፤ እንደ መጣ ወደ ባሕሩ ወጥቶ ሙቀቱ ተመለሰ። ከዚያ የባሰው ሽታው ነበር። ወንድማማቾቹ የሞተውን ዓሣ በአካፋ ሲያወጡ ሰነበቱ። ታናሹ የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር። «ነግሬህ አልነበር?» ይበለኝ ብሎ ጠበቀ፤ ይስደበኝ፣ ይምታኝ ብሎ ጠበቀ። ታላቅየው ግን ጨዋ ሰው ነው፤ «ያንን ባልዲ አቀብለኝ»፣ «አረፍ በል»፣ «እትዬ ለምሳ ጠርታሃለች» ብቻ። ታናሹን ደግሞ የገዛ ንግግሩ ይበላዋል። ጠዋት «ማታ ይቅርታ እለዋለሁ» ይላል፤ ማታ «ነገ ጀልባ ላይ» ይላል። ሚስት ለማግባት እንዳደረገው ማለት ነው።

ሾፌሩ የሚጭነው ዓሣ ስለሌለ የቀኙን በር ዕቃ ጫነ። አልጋው፣ ድስቶቹ፣ የልብስ ሳጥኑ ከፍ ከፍ እያለ ወጣ። እትዬ ታናሹን አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ መሄዷ ደስ ያሰኛት አትመስልም። ታላቅየው ካፖርቱን እንደ ለበሰ ከቤቱ ወጣ። ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። አውልቆ በታናሹ ትከሻ ላይ ጣለው።

«ያዘው። እኔ ወደ ብርዱ አገር ነው የምሄደው፤ እዚያ ካፖርት አላጣም።»

«የሰው ካፖርት ይዛችሁ እናንተ ትሰጣጣላችሁ» አለ ሾፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ።

ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ሞተሩ ተነሣ። ታናሹ «ጋሼ» ብሎ ሁለት እርምጃ ሮጠ፤ ታላቅየው በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ደህና ግቡ» ብቻ አለው ታናሹ።

መኪናው በተራራው በር በኩል ገብቶ ጠፋ።

ዓመታት አለፉ። እንቅልፉ በማንኛውም ነፋስ በረት ቦይ ላይ ይተው ብሎ አዋጅ አወጣ፤ ሰው ሰማው፤ አንድ ጊዜ ከባሕር በኩል እውነተኛ ማዕበል መጥቶ ቦዩ ላይ የነበረውን ሁሉ ሰባበረው። የራሱንም ጭምር። ያኔ ሁሉም «ድሮስ ከእንቅልፋም» እያለ ወደ ጓዳው ተመለሰ። ከየት በኩል ነው የሚመጣው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጋሽ ካፖርት ብቻ ጠየቀ፤ ከባሕር ከሆነ ጓዳ፣ ከየብስ ከሆነ ቦይ። ለጎረቤቶቹ ሊያስረዳ ሞከረ። «ካፖርቱን አውልቀህ ንገረን» አሉት። ተወው።

ከወንድሙ ግን ድምፅ አልነበረም። ሾፌሩ ሰላምታ ያመላልሳል፤ ደህና ነው፣ የልጅ ልጁ እግር አውጥቶ ይሮጣል ይለዋል። ስልክ ሲደውል እትዬ ታነሣለች፤ «አሁን ወጣ» ትላለች። ሁልጊዜ አሁን ነው የሚወጣው።

አንድ ቀን፣ ሙቀቱ ያለ ወጉ በበረታበት ሰሞን፣ ስልኩ ጮኸ።

«ትንሹ» አለው የወንድሙ ድምፅ። ከሄደ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። «ብርዱ ትናንት ከዚህ ተነሥቷል። የተራራውን ግርጌ ይዟል። በረቱን ቦዩ ላይ ተወው፣ መልሕቁንም ጨምርበት።»

«እሺ ጋሼ። ጋሼ፣ ያኔ እኮ እኔ…»

«ገመዱን አጥብቅ» አለና ዘጋው።

አጠበቀ። ብርዱ መጣ፣ መስኮቶቹን አጋጨ፣ ባሕሩን አጨሰ፣ አለፈ። የጓዳው ዓሣ አለቀ፤ የጋሽ ካፖርት ተረፈ። ጀልባው ላይ ተንበርክኮ አመሰገነ፤ ከልቡ ነበር። እጁን በበረቱ ውኃ ውስጥ ከትቶ ዓሣው መዳፉን ሲነካው ፈገግ አለ። ዓሣውን በሰላም ያወጣው ያኔ ቢሆን ኖሮ የቀኙ በር ዛሬም ክፍት ነበር ብሎ ደግሞ አለቀሰ። «ተርፎልኛል» ሊል ደወለ። እትዬ አነሣች። አሁን ወጣ አለችው።

እንዲህ ነው እንግዲህ የሚኖሩት። ብርድ ሲነሣ ታላቅየው ይደውላል፤ ብርድ በሌለበት ዓመት ዝም ነው። ጋሽ ካፖርትም ወራቱ ሲደርስ በርጩማውን ይዞ በቤቱ ደጅ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነፋስ ሲጠብቅ ጀርባውን በሚሰጠው በተራራው ወገን ይቀመጣል። ከጎኑ የተዘጋው የቀኙ በር አለ፤ ደጃፉን በየጠዋቱ ይጠርገዋል። ካፖርቱን ደርቦ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በተራራው ስንጥቅ ላይ ዐይኑን ይተክላል።

ባለፈው ሾፌሩ መኖ ሊያወርድ ሲመጣ እዚያው አገኘውና ሰላምታ ሳያስጨርሰው ጠየቀው።

«ላይ አገር እንዴት ነው?»

«ሙቀት ነው ዘንድሮ። ውርጭ የሚባል ነገር አላየንም። ደስ አይልህም?»

«ተመስገን ነው» አለና የካፖርቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። «ዘገየ እንጂ ይመጣል።»